ለወጣት አሽከርካሪ የመጀመሪያ መኪና፦ ከቀብድ በፊት የኢንሹራንሱን ዋጋ ማወቅ

በአዲስ አበባ የመጀመሪያ መኪና የሚገዛበት ቅደም ተከተል ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው። ደላላው ይደውላል፣ «ሌላ ገዢ እየመጣ ነው» ይላል፣ ቀብድ ይከፈላል፣ ውልና ማስረጃ ተሄዶ ይፈረማል፤ ኢንሹራንስ የሚታሰበው ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ፣ ያውም የቀድሞው ባለቤት ውል ሊያበቃ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። በዚያ ሰዓት ኪሱ የተራቆተው ወጣት ርካሹን ብቻ ይጠይቃል። የሦስተኛ ወገን ብቻ ገብቶ ይወጣል፣ ወይም ሙሉ ኢንሹራንስ ለመግባት ሲል የመኪናውን ዋጋ ዝቅ አድርጎ ያስመዘግባል። ሁለቱም መንገዶች ችግር ሲመጣ ብዙ እንደሚያስከፍሉ በቅርብ አይቻለሁ፤ አንዱ በራሴ ላይ ደርሶብኛል። ስለዚህ በሰንጋ ተራ፣ በሜክሲኮ፣ በካዛንቺስ ወይም በፒያሳ አካባቢ የሚሠራና መንጃ ፈቃዱን በቅርቡ ያወጣ ወጣት፣ ወይም ለእንዲህ ያለ ልጅ መኪና ሊገዛ ያሰበ ወላጅ፣ ቅደም ተከተሉን እንዲገለብጠው እመክራለሁ፤ በመጀመሪያ ኢንሹራንሱ ይጠየቅ፣ መኪናው ከዚያ በኋላ ይመረጥ።

አንደኛ እርምጃ፦ ምን ዓይነት ዋስትና እንደሚያስፈልግዎ ይለዩ

የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ በአገራችን ግዴታ ነው። መጀመሪያ የወጣው አዋጅ ቁጥር 559/2000 ሲሆን፣ እርሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 799/2005 ነው። ይህ ዋስትና የእርስዎ መኪና በሌላ ሰው ሕይወት፣ አካል ወይም ንብረት ላይ ጉዳት ሲያደርስ ለተጎጂው በሕግ እስከተወሰነው ጣሪያ ድረስ ይከፍላል፤ ተለጣፊውም በፊት መስታወት ላይ ይለጠፋል፣ ያለ እርሱም ዓመታዊ ቦሎ አይገኝም። ነገር ግን ለራስዎ መኪና አንድ ሳንቲም አይከፍልም፣ መሪውን ለያዘው ለእርስዎም አይከፍልም። ከጣሪያው በላይ የሆነ ጉዳት ደግሞ በቀጥታ ወደ ባለንብረቱ ኪስ ይመጣል። በቦሌ መንገድ ከፊትዎ የሚሄደው መኪና የእርስዎን አምስት እጥፍ ዋጋ ያለው ሊሆን እንደሚችል ያስቡና፣ የሦስተኛ ወገን የንብረት ጉዳት ጣሪያን ተጨማሪ ከፍሎ ከፍ ማድረግ ይቻል እንደሆነ መድን ሰጪውን ይጠይቁ። መኪናው ርካሽ ቢሆንም እንኳ ይህን ጥያቄ ሳይጠይቁ አይውጡ።

ሙሉ ኢንሹራንስ የሚባለው ግጭትን፣ መገልበጥን፣ እሳትንና ስርቆትን ጨምሮ የራስዎን መኪና ጉዳት የሚሸፍነው ነው። መግባት አለብኝ ወይስ የለብኝም ለሚለው የምጠቀምበት መለኪያ ቀላል ነው፤ መኪናው ነገ ጠዋት ቢጠፋ ከራስዎ ቁጠባ ሌላ መግዛት ካልቻሉ ሙሉ ኢንሹራንስ ያስፈልግዎታል። የመጀመሪያ መኪናቸውን በቤተሰብ መዋጮ፣ በዕቁብ ወይም በብድር የሚገዙ ወጣቶች በአብዛኛው ከዚህ ወገን ናቸው። በባንክ ብድር ከተገዛ ደግሞ ምርጫ የለም፣ ባንኩ ራሱ ያስገድዳል።

ሁለተኛ እርምጃ፦ የዓመቱን ወጪ በወረቀት ላይ ያስፍሩ

የመኪናውን ዋጋ ብቻ ይዘው ገበያ አይውጡ። በአንድ ገጽ ላይ የኢንሹራንስ አረቦን (ለመድን ሰጪው የሚከፈለው ዓመታዊ ክፍያ)፣ ቦሎና ዓመታዊ ምርመራ፣ ነዳጅ ወይም የኤሌክትሪክ ኃይል፣ ሁለት ጊዜ ሰርቪስ፣ ጎማ፣ የመኪና ማቆሚያ ይጻፉ። ከእነዚህ ሌላ አንድ መስመር የሚገባው አለ፤ ብዙ ሰው ይረሳዋል። እርሱም ግጭት ቢደርስ ከእርስዎ የሚጠየቀው የራስ ድርሻ ነው፣ ኢንሹራንሶች «ኤክሰስ» የሚሉት። ይህ ገንዘብ ባንክ ውስጥ ሳይነካ መቀመጥ አለበት፤ ካልተቀመጠ መኪናው ጋራዥ ተጠግኖ እርስዎ ማውጣት የማይችሉበት ቀን ይመጣል።

ሦስተኛ እርምጃ፦ ለኢንሹራንስም ለጥገናም የሚቀልሉ ሦስት መኪኖችን ይምረጡ

የሙሉ ኢንሹራንስ አረቦን በዋናነት የሚሰላው በመኪናው ዋጋ ላይ ነው፤ ከዚያ ቀጥሎ የተሠራበት ዘመን፣ የሚውልበት አገልግሎት፣ የሞተሩ መጠንና የመለዋወጫው ሁኔታ ይታያሉ። ስለዚህ ዋጋው መጠነኛ፣ ዕድሜው ያልገፋ፣ መለዋወጫውም በቀላሉ የሚገኝ መኪና ለወጣት አሽከርካሪ ይሻላል ማለት ነው። ሦስቱን በአንድ ላይ ማግኘት ግን የሚመስለውን ያህል አይቀልም።

ብዙ ወጣቶች መጀመሪያ የሚያስቡት ቪትዝን ነው፤ ምክንያትም አላቸው። ነዳጅ ቆጣቢ ነው፣ ለማቆም ይመቻል፣ መካኒኩ ሁሉ ያውቀዋል፣ መለዋወጫውም ሶማሌ ተራም ሆነ ተክለሃይማኖት አካባቢ ይገኛል። ሆኖም አንድ ነገር ሳያረጋግጡ እንዳይገዙት። ቪትዝ ቶዮታ ለጃፓን የአገር ውስጥ ገበያ የሠራው መኪና ነው፤ ጃፓን ደግሞ መሪው በቀኝ በኩል ነው። ስለዚህ እዚህ በግራ መሪ ሲገኝ መሪው ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ የተዛወረ ነው ማለት ነው። ዛወራው በጥሩ እጅ ከተሠራ ዓመታት ያገለግላል፤ በችኮላ ከተሠራ ግን ዳሽቦርዱ ይንቋቋል፣ መሪው ወደ አንድ ወገን ይጎትታል፣ የኤርባግ መስመሩም ተቆርጦ ሊሆን ይችላል። ቁልፉን ሲከፍቱ የኤርባግ ምልክቱ በርቶ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ መጥፋት አለበት። ጭራሽ ካልበራ አምፖሉ እንዲጠፋ ተደርጎ ሊሆን ስለሚችል ይጠንቀቁ። ያሪስ የሚል ስም ይዞ ለግራ መሪ አገሮች የተሠራው ያው መኪና ከዚህ ችግር ነጻ ነው፤ ዋጋው ከፍ ቢልም እኔ ብሆን ልዩነቱን ከፍዬ ያሪሱን እወስዳለሁ።

ስዙኪ ዲዛየርና አልቶ ከቪትዝ ቀጥሎ ሊታዩ የሚገባቸው ናቸው። በተለይ ዲዛየር ሻንጣ መጫኛው ሰፊ ስለሆነ ለቤተሰብም ያገለግላል። የቆየ ኮሮላ፣ ገበያው «ዲኤክስ» የሚለው፣ ጠንካራነቱ አያጠያይቅም፤ ነገር ግን ዕድሜው በጣም የገፋ በመሆኑ ሙሉ ኢንሹራንስ ለመስጠት የሚያቅማማ ድርጅት ይበዛል፤ የሚሰጠውም ቢሆን አዲስ ዕቃ ሲቀየር ለእርጅናው ብሎ የሚቀንሰው ገንዘብ ቀላል አይደለም። ሊፋን ሲገዙት ርካሽ ነው። ይሁን እንጂ እናት ድርጅቱ ቻይና ውስጥ በ2012 ዓ.ም. መገባደጃ ላይ በዕዳ ምክንያት በፍርድ ቤት መልሶ ማዋቀር ውስጥ የገባ በመሆኑ፣ የመለዋወጫ ነገር ከመግዛትዎ በፊት ተጣርቶ መታወቅ አለበት፤ የፊት መብራትና ፓራውልት ስንት እንደሚሸጥና በስንት ቀን እንደሚገኝ ሦስት ሱቅ ጠይቀው ካላረኩ ይተውት።

ስለ ሞተር መጠን አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ገደማ ስለሚያጣ፣ 1,000 ሲሲ የሆነው ትንሽ ሞተር እዚህ ሲደርስ ከአምስት አንዱን ጉልበቱን ትቶ ነው የሚሠራው። አራት ሰው ጭኖ ከለገሃር በቸርችል ጎዳና ወደ ማዘጋጃ ቤት ሲወጣ ይህ በግልጽ ይሰማል። ለአዲስ አሽከርካሪ ጉዳዩ የፍጥነት ሳይሆን የዳገት ላይ መነሳት ነው። በማንዋል መኪና ፍሪሲዮንና የእጅ ፍሬን አጣጥሞ ያልለመደ ሰው ዳገት ላይ ወደ ኋላ ተንሸራቶ የኋላውን መኪና ይነካል። ስለዚህ 1,300 ሲሲ ሞተር ያለውን ወይም አውቶማቲኩን ቢመርጡ የአረቦኑ ትንሽ ልዩነት የሚያስቆጭ አይመስለኝም።

የኤሌክትሪክ መኪናስ? በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በመከልከሉ በገበያው ላይ አዲስ የሚገኘው እየሆነ የመጣው እርሱ ነው። ከፍታ ጉልበቱን አይቀንስበትም፣ የዕለት ወጪውም ዝቅተኛ ነው። ለኢንሹራንስ ሲታሰብ ግን የመኪናው ዋጋ ከፍ ያለ በመሆኑ አረቦኑም አብሮ ይወጣል፤ ባትሪው ደግሞ ከመኪናው ወለል ሥር ስለተዘረጋ በጉብታና በተቆፈረ መንገድ ላይ የሚደርስ ምት ትንሽ ሊመስል ሲችል ጥገናው ከባድ ይሆናል። «ከሥር የሚደርስ የባትሪ ጉዳት ይሸፈናል ወይ?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ።

አራተኛ እርምጃ፦ ቢያንስ ከሦስት መድን ሰጪዎች ዋጋ ያስወጡ

ይህ እርምጃ አንድ ቀን ይበቃዋል። በመሀል ከተማ የመድን ድርጅቶች ቅርንጫፎች ተቀራርበው ነው ያሉት፤ ከለገሃር ተነስቶ በስታዲየም በኩል እስከ ሰንጋ ተራና ሜክሲኮ በእግር እየተጓዙ የመንግሥቱን የኢትዮጵያ መድን ድርጅትንም የግሎቹንም በአንድ ጠዋት ማዳረስ ይቻላል። የመረጧቸውን ሦስት መኪኖች ሞዴል፣ የተሠሩበትን ዘመን፣ የሞተር መጠንና የገበያ ዋጋ ጽፈው ይያዙ። መኪናው ገና በእጅዎ ባይሆንም ግምታዊ ዋጋ ለማውጣት ይህ በቂ ነው።

ሲጠይቁ ዕድሜዎንና መንጃ ፈቃድ ያወጡበትን ቀን አይደብቁ። ብዙ ውሎች ዕድሜው ከተወሰነ በታች የሆነ ወይም መንጃ ፈቃዱ አዲስ የሆነ ሰው ሲያሽከረክር የደረሰን ጉዳት ከፍ ባለ ኤክሰስ የሚያስተናግድ አንቀጽ አላቸው። ይህ አንቀጽ ለወጣት አሽከርካሪ ከአረቦኑ ራሱ በላይ ወሳኝ ሊሆን ይችላል። አንዱ ድርጅት በአረቦን ሁለት ሺህ ብር ቢቀንስልዎና በወጣት አሽከርካሪ ኤክሰስ ሃያ ሺህ ብር ቢጨምርብዎ፣ ርካሽ የመሰለው ውድ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ድርጅት ሁለት ቁጥር ይዘው ይውጡ፤ የዓመቱን አረቦንና በእርስዎ ዕድሜ የሚታሰበውን ኤክሰስ።

ከዚህ ሌላ የሚጠየቁ ነገሮች አሉ። የከፊል ስርቆት፣ ማለትም ስፖኪዮ፣ ፍሬቻ፣ ጎማ ከነቸርኬው ቢወሰድ፣ ይሸፈናል ወይስ መኪናው ሙሉ በሙሉ ሲጠፋ ብቻ ነው? የመጎተቻ ወጪ እስከ ስንት ይከፈላል? ለሾፌሩና ለተሳፋሪዎች የግል አደጋ ዋስትና ቢጨመር ስንት ነው? ከከተማ ውጭ ለሚጓዝ ሰው ሽፍታን፣ እንዲሁም አመፅና ሽብርን የሚመለከቱት ተጨማሪ ዋስትናዎች ዋጋቸው ምን ያህል ነው? በዋናው ውል ውስጥ እነዚህ በራሳቸው የተካተቱ እንዳይመስልዎ፤ ለየብቻ ተከፍሎባቸው ነው የሚገቡት።

አባት ወይም እናት በስማቸው ገዝተው ልጃቸው እንዲነዳው የሚያደርጉበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህ በራሱ ነውር የለበትም፤ በሊብሬው ላይ የማንም ስም ቢሆን ዋናው አሽከርካሪ ማን እንደሆነ በማመልከቻ ቅጹ ላይ በትክክል መጻፍ ግን ግዴታ ነው። «ከ20 ዓመት በላይ የነዳ አባት» ተብሎ የተሞላ ቅጽ፣ ግጭት በደረሰ ቀን ዘወትር የሚነዳው የ20 ዓመቱ ልጅ መሆኑ ሲታወቅ መድን ሰጪው ካሳ ለመከልከል የሚይዘው ማስረጃ ይሆናል።

አምስተኛ እርምጃ፦ የመኪናውን ዋጋ በትክክል ያስመዝግቡ

በዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ነው።

የራሴን መኪና በ600,000 ብር አስመዝግቤ ነበር። በየዓመቱ ሲታደስ ያው ቁጥር ይቀጥላል፣ እኔም አረቦኑ ባለመጨመሩ ደስ እያለኝ እከፍላለሁ። በዚህ መሀል የመኪና ገበያ ተለዋውጦ ነበር፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ መኪኖችን ማስገባት እጅግ አስወድዶ፣ ከውጭ የሚገባው ሲወደድ አገር ውስጥ ያለው አሮጌም ዋጋው አብሮ ወጥቷል። በአንድ የነሐሴ ምሽት ኡራኤል አካባቢ በዝናብ ርጥብ አስፋልት ላይ ፍሬን ስይዝ መኪናዬ ተንሸራቶ ከፊቴ የቆመውን ፒክአፕ መታሁ። ፓራውልቱ ተሰበረ፣ ኮፈኑ ታጠፈ፣ ራዲያተሩ ፈሰሰ፣ ሁለቱም የፊት መብራቶች ሄዱ። የጥገናው ግምት 180,000 ብር ሆነ። ካሳዬን ልጠይቅ ስሄድ ሠራተኛዋ ምንም ሳትናገር ካልኩሌተሩን ወደ እኔ አዙራ አስቀመጠችው፤ 600,000 ሲካፈል ለ1,200,000፣ ሲባዛ በ180,000። መልሱ 90,000 ይላል። ከዚያ ላይ ኤክሰስ ተቀነሰ። መኪናዬ በገበያ 1,200,000 ብር ሲያወጣ ግማሹን ብቻ አስመዝግቤ ስለነበር፣ ከማንኛውም ጉዳት ግማሹን እኔ ራሴ እንደተሸከምኩ ይቆጠራል። የኢንሹራንስ ሰዎች ይህን «አቨሬጅ» ይሉታል። ሦስት ዓመት ሲያድሱልኝ አንድ ቀን እንኳ «ዋጋውን እናስተካክል» ያለኝ አልነበረም፤ ይህ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል። ውሉ ላይ ግን በግልጽ ተጽፎ ነበር፤ ያላነበብኩት እኔ ነኝ።

ስለዚህ ዋጋ ሲያስመዘግቡ የዛሬውን የገበያ ዋጋ ይጠቀሙ። ሦስት ተመሳሳይ መኪኖች በስንት እንደሚሸጡ ጠይቀው ይመዝግቡ፣ መካከለኛውን ይውሰዱ። በውልና ማስረጃ ላይ ለታክስ ሲባል ዝቅ ብሎ የተጻፈ ዋጋ ካለ እርሱን የኢንሹራንስ መነሻ አድርገው እንዳይወስዱት፤ ዝቅ አድርጎ መጻፉ ራሱም ተገቢ አይደለም። ከዋጋ በላይ ማስመዝገብም ጥቅም የለውም፤ መኪናው ሙሉ በሙሉ ቢወድም የሚከፈልዎ በጊዜው ከነበረው የገበያ ዋጋ አይበልጥም፣ ትርፉ አረቦን በከንቱ ይሄዳል። በተለይ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ በፊት የተጻፉ ውሎችን ይዘው እየታደሱ ላሉ ሰዎች ዋጋውን ዳግም ማየት ለነገ የሚባል አይደለም።

ስድስተኛ እርምጃ፦ መኪናውን ያስመርምሩ

ኢንሹራንሱ ከታወቀ በኋላ ነው መኪናው የሚታየው። ደላላው ያመጣውን መካኒክ ሳይሆን የራስዎን ይዘው በቀን ብርሃን ይሂዱ። ሞተሩ ሳይሞቅ እንዲጠብቅዎ አስቀድመው ያሳስቡ፤ አሙቀው ከጠበቁዎት የሚደበቅ ነገር ሊኖር ይችላል። ሲነሳ ከማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ከወጣ ዘይት ይበላል። ላሜራውን በጣት ጫፍ ያንኳኩ፤ ስቱኮ የተሞላበት ቦታ ድምፁ የታፈነ ነው፤ በጨርቅ የተጠቀለለ ትንሽ ማግኔት ደግሞ እዚያ ቦታ ላይ አይዝም። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል ያስተያዩ። መድን ሰጪውም ሙሉ ኢንሹራንስ ከመስጠቱ በፊት መኪናውን አይቶ ያሉትን ጭረቶችና ስብራቶች ይመዘግባል፤ የተመዘገበው ነባር ጉዳት ኋላ አይከፈልበትም፣ ስለዚህ ሻጩ ሊያስተካክለው የሚገባው ካለ ከዚያ በፊት ይስተካከል።

ሰባተኛ እርምጃ፦ ሰነዱንና ስም ዝውውሩን ይጨርሱ

ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት መኪናው ከዕዳና ከዕግድ ነጻ መሆኑን ፋይሉ ከሚገኝበት መንገድ ትራንስፖርት ያረጋግጡ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ፈቃድ፣ ካላገባ ያላገባ መሆኑን የሚገልጽ የማስረጃ ወረቀት ይጠየቃል። የሚሸጥልዎ ወኪል ከሆነ ውክልናው መሸጥን በስም ጠቅሶ የሚፈቅድ መሆኑንና ያልተሻረ መሆኑን ውልና ማስረጃ ይጠይቁ።

የታርጋውን ኮድ ልብ ይበሉ። ኮድ 2 የግል ነው፣ ኮድ 3 የንግድ ነው። አንዳንድ ወጣቶች ኮድ 2 መኪና ይገዙና ማታ ማታ ለሚያውቁት ሰው በክፍያ ያመላልሱበታል፤ በግል አገልግሎት የተገባ ኢንሹራንስ በኪራይ ሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት አይከፍልም። እንደ ራይድና ፈረስ ባሉት የጥሪ ታክሲዎች ለመሥራት ያሰበ ሰው ከመጀመሪያው ለዚያ የሚሆነውን ኮድ ይግዛ፣ ኢንሹራንሱንም በዚያው ይግባ፤ አረቦኑ ከፍ ይላል፣ ግን ያለው አማራጭ እርሱ ነው።

በመስታወቱ ላይ የተለጠፈው የቀድሞ ባለቤት ኢንሹራንስ ጊዜው ስላላለፈ ብቻ የእርስዎ አይሆንም። ስሙ በተዛወረበት ቀን ወደዚያው ድርጅት ሄደው ውሉን በስምዎ ያስዛውሩ፣ ወይም ከመረጡት ድርጅት አዲስ ይግቡ። ይህ እስኪያልቅ መኪናው ይቁም። ከውልና ማስረጃ በቀጥታ ወደ ዘመድ ቤት ሊያሳይ ሲሄድ የተጋጨ ወጣት አውቃለሁ፤ ካሳውን ለማግኘት ወራት ተመላልሷል።

ስምንተኛ እርምጃ፦ የመጀመሪያውን ዓመት ያለ ካሳ ጥያቄ ለማለፍ ይሥሩ

አብዛኞቹ ድርጅቶች ዓመቱን ካሳ ሳይጠይቅ ላሳለፈ ደንበኛ በሚቀጥለው ዓመት አረቦን ላይ ቅናሽ ያደርጋሉ፤ ቅናሹም ዓመት በጨመረ ቁጥር ያድጋል። ለወጣት አሽከርካሪ ትልቁ የአረቦን መቀነሻ ይህ ነው። ስለዚህ ከኤክሰሱ ብዙም የማይበልጥ ትንሽ ጭረት ሲደርስ ካሳ ከመጠየቅ ይልቅ በራስ ወጪ ማሠራት ይሻል እንደሆነ አስልተው ይወስኑ። ሆኖም ትንሽም ቢሆን ሌላ ሰው የተነካበት ግጭት ሁልጊዜ ለድርጅቱ መነገር አለበት።

ማቆሚያ ላይ አይሳሱ። የኮሪደር ልማት ባለፈባቸው መንገዶች ዳር ማቆም በመከልከሉ ብዙ ሰው ወደ ውስጥ ለውስጥ መንገድ እየገባ ነው፤ ስፖኪዮ የሚነቀለውም እዚያ ጭር ባለው ቦታ ነው። በመሀል ከተማ ሥራ ላለው ሰው እንደ መስቀል አደባባዩ የምድር ውስጥ ማቆሚያ ያሉ ጥበቃ ያላቸው ቦታዎች ከፍለው ቢያቆሙባቸው ያዋጣሉ። ማታ በግቢ ውስጥ ወይም ዘበኛ ባለበት የሚያድር መኪና መሆኑንም ለመድን ሰጪው ይንገሩ።

ግጭት ከደረሰ በመጀመሪያ የተጎዳ ሰው ይታያል፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ ፖሊስ በ991 ይጠራል። የትራፊክ አደጋ ተጎጂ በአቅራቢያው ባለ የጤና ተቋም አስቸኳይ ሕክምና የማግኘት መብት በአዋጁ ተሰጥቶታል፤ «መጀመሪያ ክፈሉ» ቢባሉ ይህን ያስታውሱ። ከዚያ መኪኖቹ ሳይነሱ ታርጋቸውን፣ የመንገዱን መስመርና የተመቱበትን ቦታ በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። በድንጋጤ «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እከፍላለሁ» ብለው ወረቀት ላይ አይፈርሙ፤ ሳያማክሩት የገቡትን ግዴታ መድን ሰጪው ላይቀበለው ይችላል። ውሉ በሚለው ቀን ውስጥ በጽሑፍ ያሳውቁ፣ የፖሊስ ሪፖርቱን ያያይዙ፣ የድርጅቱ መርማሪ ሳያየው መኪናው እንዳይፈታ። ከጋራዦች ፕሮፎርማ ሲሰበሰብ የዕቃው ዋጋና የእጅ ሥራው ለየብቻ ተዘርዝሮ እንዲጻፍ ያድርጉ፤ ተጠቃሎ የተጻፈ ፕሮፎርማ ሲቀነስ የትኛው እንደተቀነሰ አይታወቅም። የተቀየረው አሮጌ ዕቃም የድርጅቱ ስለሚሆን ጋራዡ ውስጥ እንዳይጠፋ ያስቀምጡት።

ውሉ ሊያበቃ ሦስት ሳምንት ሲቀረው የገበያውን ዋጋ እንደገና ይጠይቁ፤ ካሳ ያልጠየቁበትን ዓመት የሚገልጽ ደብዳቤ ከድርጅትዎ ያጽፉና፣ እርሱን ይዘው ባለፈው ዓመት ወደ ጠየቋቸው ሌሎች ሁለት ድርጅቶች ይሂዱ። የደብዳቤውን ኮፒ ከሊብሬው ጋር በአንድ ማኅደር ያስቀምጡ፤ ዋናውን ደብዳቤ ግን ከመኪናው ውስጥ አውጥተው ቤት ያኑሩት።